ቻርጅ ኦፍ የሆነ የክሬዲት ካርድ ዕዳ፦ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) «100 ዶላር ብቻ ክፈል» ሲል

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የክሬዲት ካርዱን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈለው ማርች 2022 ነው፤ ከኤፕሪል ጀምሮ ምንም አልገባም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ባንኩ ቻርጅ ኦፍ ሲያደርገው «ተሰረዘልኝ» ብሎ ተወው። አሁን ዕዳውን ገዝተነዋል የሚሉ ሰዎች 4,870 ዶላር እየጠየቁ ነው። «በዚህ ሳምንት 100 ዶላር ብቻ ላክ፣ ፋይሉን እናቆይልሃለን» ብለውታል። ደብዳቤያቸው ከደረሰ ሳምንት ሆኖታል። እኔም ጋ ደውለው ዕዳ እንዳለበት ነግረውኛል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። 100ው ይከፈል ወይስ ይቅር?

ሰነድ_ያዥ፦
ለጊዜው አይክፈል። በስልክም «አዎ፣ የእኔ ዕዳ ነው» አይበል።

ቻርጅ ኦፍ ማለት ምሕረት ማለት አይደለም። ካርድ 180 ቀን ሳይከፈልበት ሲቀር ባንኩ በራሱ መዝገብ ኪሳራ ብሎ ይጽፈዋል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነው፣ ይሸጣልም። ከዚህ በኋላ ሁለት የተለያዩ የጊዜ ቆጠራዎች አሉ፤ ብዙ አበሻ የሚያምታታው እነሱን ነው።

አንደኛው የክስ ጊዜ ነው፤ በዕዳው ፍርድ ቤት ሊከሱት የሚችሉበት ጊዜ ማለት ነው። ሜሪላንድ ላይ ለክሬዲት ካርድ 3 ዓመት ነው። ጊዜው ሳያልቅ ትንሽ መክፈል ወይም ዕዳውን ማመን ቆጠራውን እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። 100ውን በዚህ ሳምንት የፈለጉት ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያችኋል። ካለፈ በኋላ ግን በሜሪላንድ ሕግ ክፍያም ሆነ ቃል የሞተውን የክስ ጊዜ አያስነሣም፤ ጊዜው ባለፈበት ዕዳ መክሰስ ወይም እንከሳለን ብሎ ማስፈራራትም ክልክል ነው። ይህ በየስቴቱ ይለያያል፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን አጣሩ። የካርዱን ውልም እዩት፤ አንዳንዱ የሌላ ስቴት ሕግ ይጠቅሳል።

ሁለተኛው የክሬዲት ሪፖርት ነው። መጀመሪያ ካመለጠው ክፍያ ጀምሮ 7 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ቢከፈልም፣ ዕዳው ቢሸጥም አይታደስም። ኮሌክሽኑ ቀኑን ወደፊት ገፍቶ ካስመዘገበ ስህተት ነው። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች (ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን) ላይ ያለውን ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ማውጣት ስለሚቻል ዛሬውኑ ሦስቱንም አውጡ። ዕዳው ከተሸጠ ባንኩ መስመር ላይ ቀሪው ዜሮ መሆን አለበት። ባንኩም ኮሌክሽኑም 4,870 ካሉ ለቢሮዎቹ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምረው መመለስ አለባቸው።

ዲኤምቪ_አበሻ፦
ሰነድ_ያዥ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ደብዳቤው ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀኑ እየሮጠ ነው።

ወረቀቱ የዋናውን ባንክ ስም፣ የአካውንቱን የመጨረሻ ቁጥሮች፣ በአንድ በተጠቀሰ ቀን ዕዳው ስንት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ወለድና ክፍያ፣ የተቀነሰውንም ለየብቻ መዘርዘር አለበት። መቃወሚያው መቼ እንደሚያበቃ ቀኑም ተጽፎበታል፤ ደብዳቤው ከደረሰ 30 ቀን ነው። ከታች ተቀድዶ የሚላክ ክፍል አለ፤ «ዕዳው የእኔ አይደለም»፣ «መጠኑ ልክ አይደለም» እና «ሌላ» የሚሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉት። እውነት የሆነውን ምልክት ያድርግበት። የእሱ የሆነውን ካርድ የእኔ አይደለም ማለት የለበትም፤ መጠኑን ካላወቀ ስለ መጠኑ ይጠይቅ። ከዚያ በአጭሩ ይጻፍ፦ ዕዳውን ተቃውሜያለሁ፣ ማረጋገጫ ላኩልኝ፣ ከባንኩ እናንተ እጅ እንዴት እንደደረሰ ሰነድ አሳዩኝ። የሶሻል ቁጥር፣ የባንክ ቁጥር፣ «ገንዘብ ሳገኝ እከፍላለሁ» የሚል ነገር አይግባ።

በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ተቀባዩ ፈርሞበት ከሚመለሰው የፖስታ ቤት አረንጓዴ ካርድ (ሪተርን ሪሲት) ጋር ይላክ፤ ኮፒው ይቀመጥ። በስልክ መቃወም ብቻውን አያስቆማቸውም። በጽሑፍ፣ በ30 ቀኑ ውስጥ ከሆነ ግን ማረጋገጫ እስኪልኩ ድረስ መጠየቅ ማቆም አለባቸው። ይህ ሲሆን የክሱ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም።

አንቺ ጋ ደውለው ዕዳውን መንገራቸው የፌዴራሉን የዕዳ ሰብሳቢዎች ሕግ መጣስ ነው። ለዘመድ የሚደውሉት አድራሻ ለማግኘት ብቻ ነው፤ ስለ ዕዳው ትንፍሽ ማለት አይችሉም። የደወሉበትን ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ጻፊው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወልም አይፈቀድም፤ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ከ7 ጊዜ በላይ መደወልም እንዲሁ። «ፖሊስ እንልካለን፣ ኢሚግሬሽን እንነግራለን» ማለት ማጭበርበር ነው፤ በካርድ ዕዳ ማንም አይታሰርም። ሲኤፍፒቢ (የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ አመልክቱ። የሜሪላንድ ፈቃድ እንዳላቸውም ከስቴቱ የፋይናንስ ቁጥጥር ቢሮ አጣሩ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቀሩት ሳምንታት ውስጥ ቢከሱትስ?

ሰነድ_ያዥ፦
ሊከሱ ይችላሉ፤ የሚያስፈራውም ይኼ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ እንደ ኮሌክሽን ደብዳቤ ጥሎ ማለፍ የለም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ወረቀቱ ከደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ከመጥሪያው ጋር የሚመጣውን የመከላከል ማስታወቂያ ሞልቶ መመለስ አለበት። ካልመለሰ በሌለበት ይፈረድበታል፤ ፍርዱ 12 ዓመት ይቆያል፣ ከተጣራ ደመወዙም እስከ 25 በመቶ ሊያስቆርጥ ይችላል። ከመለሰ ግን ዕዳ ገዢው እያንዳንዱን ሽያጭ በሰነድ ማሳየት ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለገው የአማርኛ ብሎ አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ይጠይቅ።

ታክስ_ሠሪዋ፦
ማረጋገጫው መጥቶ ዕዳው ትክክል ከሆነ፣ መስማማት ከፈለገም፣ መጀመሪያ ወረቀት ይያዝ፦ መጠኑ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ «ቀሪው ዜሮ ይሆናል» የሚል ቃል፣ ፊርማ። ክፍያው በካሺየርስ ቼክ ወይም በመኒ ኦርደር ይሁን፤ የቼኪንግ ቁጥሩን ከሰጠ ከተስማሙበት በላይ ሊስቡ ይችላሉ።

የሚረሳው ታክሱ ነው። 4,870ውን በ2,000 ቢዘጋው የተተወው 2,870 ዶላር እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲተው 1099-ሲ የሚባል የተተወ ዕዳ ማሳወቂያ የታክስ ቅጽ ይላካል። ዕዳው ከመተዉ በፊት ጠቅላላ ዕዳው ካለው ንብረት በልጦ ከነበረ፣ በበለጠው ልክ በፎርም 982 ከገቢ ማስወጣት ይቻላል። ስለዚህ የዚያን ቀን የባንክ ሂሳቡን፣ የመኪናውን ዋጋና የሌሎች ዕዳዎቹን ስቴትመንት አሁኑኑ ያስቀምጥ፤ በታክስ ሰሞን መፈለግ አስቸጋሪ ነው።