ኑረምበርግን በአንድ ቀን ተኩል፦ ከአባቴ ጋር የትኛውን ላስቀድም?

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለሆነ «ኑረምበርግን ሳላይ አልመለስም» ብሎኛል። በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስድ መንገድ በመሆኑ ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን እሑድ ከሰዓት በኋላ ለመመለስ አስበናል። የናዚዎቹ የሰልፍ ሜዳ፣ የጦር ወንጀለኞቹ የተዳኙበት ችሎት እና አሮጌው ከተማ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጉልበቱን ስለሚያመው ሁሉንም በእግር ላዞረው አልችልም። የትኛውን ላስቀድም? የትኛውንስ ብንተወው አይቆጨንም?

መልስ 1 (ኑረምበርግ ነዋሪ)

እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባትዎንም በሰላም ያምጣልዎት። የእኔ ምክር ከሁሉ አስቀድመው ችሎቱ የዋለበትን አዳራሽ 600ን እንዲያሳዩዋቸው ነው። በፉርተር መንገድ ባለው የፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ይገኛል፤ ከባቡር ጣቢያው በምድር ውስጥ ባቡር ዩ 1 ተሳፍረው ቤረንሻንዘ ላይ ይወርዳሉ። ከኅዳር 1945 እስከ ጥቅምት 1946 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 21 ሰዎች በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው የተዳኙት እዚህ ነው። በሌለበት የተፈረደበትን የሂትለር ጸሐፊ ቦርማንን ጨምሮ 12ቱ ሞት ሲፈረድባቸው፣ 7ቱ ታስረዋል፣ 3ቱ ደግሞ በነፃ ተለቀዋል።

አዳራሹ በፊልም ከሚታየው አንሶ ስለሚገኝ አባትዎ ግር እንዳይላቸው አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለችሎቱ ሲባል ፈርሶ የነበረው የኋላ ግድግዳ በኋላ ተመልሶ ተሠርቷል። ከላይኛው ፎቅ ያለውን ዐውደ ርእይ ግን ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። ክርክሩ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛ እና በጀርመንኛ በአንድ ጊዜ ይተረጎም ስለነበር፣ ተናጋሪው ሲፈጥን ቢጫ መብራት ይበራበታል፣ ቀይ ሲበራ ደግሞ ፈጽሞ ማቆም ነበረበት። እኔ ስለ ፍርዱ ብዙ አንብቤ ነበር፤ የዚያን ያህል ግፍ የተሰማው አስተርጓሚ እስኪደርስ እየተጠበቀ መሆኑን ግን እዚያ እስክሄድ ድረስ ልብ አላልኩትም።

መልስ 2 (ከሙኒክ)

በአዳራሹ እስማማለሁ፤ ቢሆንም እኔ ከሰልፍ ሜዳው ብትጀምሩ እመርጣለሁ። የሰልፍ ሜዳው አካል የሆነውን የዜፔሊን ሜዳን የድንጋይ መድረክ የነደፈው አልበርት ሽፔር በኋላ በዚያው አዳራሽ ቀርቦ 20 ዓመት የተፈረደበት ሰው ስለሆነ፣ ሥራውን አስቀድሞ ያየ ሰው ችሎቱ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ሌላ ነው። በመድረኩ አናት ላይ የነበረውን ግዙፍ ስዋስቲካ አሜሪካኖች በሚያዝያ 1945 በፈንጂ አፍርሰውታል። ዛሬ ደረጃዎቹ ተሰነጣጥቀው በድንጋዮቹ መካከል ሣር በቅሏል።

ስፍራው እጅግ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን ለመዞር አይሞክሩ። በትራም እስከ ኮንግረስ አዳራሹ (የናዚ ፓርቲ መሰብሰቢያ እንዲሆን የታሰበው ሕንፃ) ሄደው ውስጠኛውን ግቢ ብቻ ማየት ይበቃል። 50,000 ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረው ሕንፃ ጣሪያ ሳይወጣለት ቀርቷል። በ2001 የተከፈተው፣ የሰልፎቹን ታሪክ የሚያሳየው የሰነድ ማዕከል ያለው በዚሁ ሕንፃ ነው፤ ለዓመታት እድሳት ላይ ስለቆየ ግን ምን ክፍት እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ለናዚ ሕንፃዎች ከሚፈለገው ጥርብ ድንጋይ ከፊሉን ያወጡ የነበሩት እንደ ፍሎሰንቡርግ ባሉ የናዚ ማጎሪያ ካምፖች የታጎሩ እስረኞች ናቸው፤ ይህን ሳያውቁ በግንቡ ግዝፈት ብቻ መደነቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

መልስ 3

ለአባትዎ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ችሎቱ የተቋቋመበትን የነሐሴ 1945 የለንደን ስምምነት በኋላ ከተቀበሉት 19 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ስሟም በፍርዱ መግቢያ ላይ ተጽፏል። ይሁን እንጂ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ላይ ለተፈጸመው ጭፍጨፋ ተመሳሳይ ችሎት አልተሰየመም። መንግሥታችን ግራዚያኒን እና ባዶሊዮን ጨምሮ የ10 ጣሊያናውያንን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርቦ በ1948 ተቀባይነት ቢያገኝም፣ አንዳቸውም ተላልፈው አልተሰጡም። ግራዚያኒ በ1950 በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ሲፈረድበት እንኳ ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ በኢትዮጵያ በሠራው አልነበረም፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። እኔ በዚያ አዳራሽ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ስለ አሮጌው ከተማ፣ ጥር 2 ቀን 1945 በአንድ ሌሊት የቦምብ ድብደባ አብዛኛው ወድሟል፤ የምታዩት በአመዛኙ እንደገና የተሠራ ነው። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያወጣው ዳገት ለጉልበታቸው ስለሚከብድ እሱን ብትተዉት አይቆጫችሁም። በምትኩ ከጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ያለውን የሰብአዊ መብት ጎዳና እዩ፤ ሜዳ ነው፣ ክፍያም የለውም። ቀራፂው ዳኒ ካራቫን የነደፋቸው ነጫጭ ዓምዶች የሰብአዊ መብት መግለጫውን አንቀጾች በጀርመንኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይዘው ቆመዋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማታ ደውዬ ስለ ለንደኑ ስምምነት ስነግረው አባቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «የአገራችን ስም ያለበትን ገጽ ፈልገህ አትምልኝ» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳውን፣ ከሰዓት በኋላ ችሎቱን እናያለን፤ እሑድ ለዓምዶቹ ይሆናል። ወረቀቱንም ይዘን እንሄዳለን።