ጃኬቱ ጀልባው ላይ ነበር፤ ታዲያ ለምን አላዳነም?

ጥያቄ፦ ጀልባ ተገልብጦ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር አስተያየት ሰጪው ሁሉ «ዋና ስለማይችሉ ነው» ይላል። ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ነበረ ከተባለ ግን ምን ጎደለ? ሲገዛስ ምኑ ይታያል?

መልስ 1፦ መቀመጫ ሥር የተቆለለ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ጀልባ የሚገለበጠው በሰከንዶች ነው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ መልበስ ለዋናተኛም ጭንቅ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ሰው ገና እንደገባ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ አፉ ከተዘፈቀ የሚስበው ውኃ ነው። እዚህ ላይ ዋና መቻል ብዙም አያድንም።

መልስ 2፦ መለያው ላይ ያለውን የኒውተን ቁጥር፣ ማለትም የማንሳፈፍ ኃይሉን መለኪያ፣ እዩ። 50 ዋና ለሚችልና እርዳታ ቅርብ ላለው ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አይገለብጥም። 100 ለረጋ ውኃ፣ 150 ለባሕር። ልኩን ለማወቅ ዚፑንና ማሰሪያዎቹን በሙሉ ዝጉና ሌላ ሰው ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭ ወይም ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ለልጅ «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛትማ የማይሆን ቁጠባ ነው! በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያም ይኑረው፤ አለዚያ ልጁ ሾልኮ ይወጣል።

መልስ 3፦ ጃኬቱ በጋዝ የሚነፋው ዓይነት ከሆነ የጋዝ ሲሊንደሩን ፈታችሁ መዝኑት፤ ላዩ ላይ ከተጻፈው ክብደት ከቀነሰ ጋዙ አምልጧል። ስትመልሱት በእጅ አጥብቁት፣ በንዝረት ይላላል። ጃኬቱን በአፍ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ከተሟሸሸ ያፈሳል። ከካፖርት ሥር አይለበስም። የስፖንጁንም ዓይነት መቀመጫ አታድርጉት፣ ሲጨፈለቅ የማንሳፈፍ አቅሙ ይቀንሳል።