«ፑሪ» ቤተ መንግሥት ነው ወይስ ግቢ? «ሌጎንግ»ስ ጭፈራ ነው ወይስ ውዝዋዜ?

ቃል ፈላጊ፦
ስለ ኢንዶኔዢያዋ ባሊ ደሴት የተጻፈ የጉብኝት መምሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኡቡድ ከተማ መሐል ያለው ፑሪ ሳሬን አጉንግ በየቦታው «የኡቡድ ቤተ መንግሥት» ተብሏል። ልቀበለው? ማታ እዚያው የሚቀርበውን ሌጎንግስ ጭፈራ ልበለው፣ ውዝዋዜ ወይስ ዳንስ? «ቾንዶንግ»፣ «አገም» እና «ሰሌዴት»ም አስቸግረውኛል።

ባለ ግቢ፦
«የመሳፍንት ግቢ» ቢሉት ይሻላል። ቤተ መንግሥት ሲባል አንባቢ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ይጠብቃል። ፑሪ ግን በአጥር የታጠረ፣ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ቤቶችና አደባባዮች ያሉት የመኖሪያ ቅጥር ነው። ፋሲል ግቢ ስንል አንዱን ግንብ ብቻ ማለታችን አይደለም አይደል? በባሊ የመኖሪያ ስም በባለቤቱ ማዕረግ ይለያያል፤ የካህናቱ ግሪያ፣ የመሳፍንቱ ፑሪ፣ የተራው ሰው ኡማ ይባላል። የኡቡድ ጌቶች ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጊያኛር ንጉሥ ያደሩ ስለነበሩ «መሳፍንት» ልካቸው ነው። ለአገር መሪ መኖሪያ ኢንዶኔዢያኖች «ኢስታና» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ቤተ መንግሥትን ለእሱ ያቆዩት።

«የቀድሞ» የሚል ቅጽል አይጨምሩበት። ቤተሰቡ ዛሬም እዚያው ይኖራል፤ ለዚህም ነው ጎብኚ ከፊተኛው አደባባይ አልፎ ወደ መኖሪያው የማይዘልቀው።

ፊደል ቆጣሪ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ፑሪ የመሳፍንት ግቢ ነው፣ ፑራ ቤተ መቅደስ። በእኛ ፊደል «ሪ» እና «ራ» ብቻ ናቸው የሚለያዩአቸው፤ አንዲት የትየባ ስሕተት አንባቢውን ሌላ ቦታ ታደርሰዋለች። ለእያንዳንዱ ቦታ ስሙን ከነትርጉሙ አንድ ጊዜ ይጻፉ።

ዘማሚ፦
ስለ ውዝዋዜው፦ ዩኔስኮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የመዘገባቸው የባሊ ውዝዋዜዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ዋሊ የተቀደሰው ነው፣ ለምሳሌ ረጃንግ። «በባሊ» ከፊል ቅዱስ ነው፣ ለምሳሌ ጋምቡ። ባሊህ-ባሊሃን ለመታየት የሚቀርበው ነው፤ ሌጎንግ ከዚህኛው ይመደባል። ሁለተኛው ስም «ባሊ ውስጥ» ተብሎ እንዳይነበብ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ቢጽፉት ይሻላል።

ለሌጎንግ «ውዝዋዜ» ይስማማል። ጭፈራ ማንም ሰው ገብቶ የሚያደምቀው ነው፤ ሌጎንግ ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚጠና፣ እያንዳንዱ ቅንድብና ጣት የተወሰነለት ነው። «ዘፈን» በግዕዝ መወዛወዝን ይይዝ ነበር፤ የዛሬ አንባቢ ግን ዜማውን ብቻ ነው የሚረዳው። ለዋሊ «ዝማሜ» ወይም «ወረብ» ማለት ያጓጓል፤ እኔ አልመክርም። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ስሞች ስለሆኑ አንባቢው መቋሚያና ጸናጽል ይታየዋል። «የመቅደስ ውዝዋዜ» በቂ ነው።

ቾንዶንግ ቀላል ናት፤ «ደንገጡር»። ባለ ሦስት ሰው በሆነው ሌጎንግ ቀድማ ብቻዋን የምትወጣው፣ ከዚያም ለሁለቱ ሌጎንጎች (ለዋናዎቹ ተወዛዋዦች) ማራገቢያ የምትሰጠው እሷ ናት። የላሰም ንጉሥ ታሪክ ሲቀርብ ያቺው ተወዛዋዥ የክፉ ምልክት ወፍ ሆና ትመለሳለች፤ ስለዚህ «ደንገጡሯ» ብለው ከጀመሩ እዚያ ላይ ሰው መቀየሩ ሳይሆን ገጸ ባሕርይ መቀየሩ ግልጽ ይሁን።

አገምን «አቋቋም» አይበሉት፤ ያው የማሕሌቱ ትምህርት ስም ነው። «የሰውነት አቋም» ብለው ይግለጹት፦ ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ክርን እስከ ትከሻ ከፍ ይላል፣ ጣቶች ወደ ኋላ ይለመጣሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ሲደክመው ጉልበቱን ሲያቀና ነው፤ ያኔ ክርኑም አብሮ ይወርዳል።

ሰሌዴት የዓይን ነገር ነው። «ጥቅሻ» ስሕተት ነው፤ ጥቅሻ በአንድ ዓይን ነው፣ ሽፋኑም ይከደናል። «ግልምጫ»ም ንቀት ያስገባበታል። በሰሌዴት ሁለቱም ዓይኖች እንደፈጠጡ ብሌናቸው ወደ ጥግ ተወርውሮ፣ ከከበሮው ምት ጋር ተመልሶ መሐል ይቆማል። ራስ አብሮ ከዞረ ወይም ሽፋሽፍት ከተርገበገበ ሰሌዴትነቱ ቀረ። «ዓይን ውርወራ» ብዬ እተረጉመዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
በዚያው አጻጻፉን እንልመደው። የባሊ ቋንቋ የተዋጠ «ኧ» ድምፅ ስላለው የእኛ ግዕዝ ፊደል (እንደ «በ» እና «ገ» ያለው) ያግዛል። በላቲን «ሲ» የሚጻፈው «ች» ነው፤ ሌላውን የባሊ ውዝዋዜ «ኬቻክ» እንጂ «ኬካክ» አይበሉት። የመሳፍንቱ ማዕረግ በድሮው የደች አጻጻፍ በ«ቲ» እና «ጄ» ቢጀምርም ንባቡ «ቾኮርዳ» ነው። ጊያኛርንም በ«ኛ» ይጻፉት፤ «ጊያንያር» ካሉ ድምፁ ይሰበራል።

ባለ ግቢ፦
ሰዓቱንም አይርሱ። በኡቡድ ግቢ ዝግጅቱ የሚጀምረው በአገሩ አቆጣጠር 19፡30 ነው። «ከምሽቱ 1፡30» ብለው ብቻ ከተዉት አንባቢው የስልኩን ሰዓት አይቶ ግራ ይጋባል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ወንበሩ ቁጥር ስለሌለው ፊት መቀመጥ የፈለገ ቀደም ብሎ ይድረስ፤ ዝናብ ከመጣም ዝግጅቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጣሪያ ያለው አዳራሽ ይዛወራል። ያ አዳራሽ «ዋንቲላን» ይባላል፤ እሱን «አዳራሽ» ማለት ምንም አይጎድለውም።