ሰነቲ ላይ ችግኝ? የባሌ ጉዟችን ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ወገኖች። ጉዞው ለጥቅምት ተቆርጧል፤ አንድ ቀን ዲንሾ፣ አንድ ቀን ሰነቲ። ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ ግን ገና አላለቀም። ረቂቁ «አባላቱ እንስሳት ከመመልከት ጎን ለጎን ሰነቲ ላይ 300 ችግኝ ይተክላሉ» ይላል። ቅሬታ ያለው ዛሬውኑ ይናገር።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ እኔ አለኝ። ሰነቲ 4,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። ዛፍ የሌለው ተጨፍጭፎ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በዚያ ገላጣ ሜዳ ፍልፈል እያደነ ነው። አምና አንዷን አይቻታለሁ። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሣር ይለቅማል። እሷ ደረቷን መሬት ላይ አጣብቃ፣ አንድ እግር አንስታ ቀጥ አለች። እኔ ማስነጠስ መጥቶብኝ አፍንጫዬን ይዤ ቀረሁ። በመጨረሻ ዘለለች፣ ሳተችው። እዚያ ላይ ነው ችግኝ የምንተክለው?

ገንዘብ ያዡ፦ ዶክተር፣ ብሩ የተዋጣው እኮ ለችግኝ ነው። ባነሩም ታትሟል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ጋሼ፣ ብሩን ለውሻ ክትባት እናውለው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ይጋባባቸዋል። በ1996 ዓ.ም. ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን የጨረሳቸው እሱ ነው።

የጎባው ልጅ፦ እኛ ጋ በኦሮምኛ «ጄደላ ፈርዳ» ነው የሚባለው፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ካየ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ይከተላታል። ክትባቱ ጥሩ ነው። ግን አያቴ ያለ ውሻ አያድሩም፣ ጅብ አለ። «ውሻችሁን አስወግዱ» ልትሉ ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ማን አስወግዱ አለ? ይከተብ ነው ያልኩት።

ገንዘብ ያዡ፦ ክትባት የእኛ ሥራ ነው እንዴ?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ የሚከትቡ ባለሙያዎች አሉ። እኛ መኪና አለን፤ ውሻ የሚይዝ፣ መዝገብ የሚጽፍ ሰውም አለን። ምን እንደጎደላቸው ፓርኩን እንጠይቅ።

ሾፌሩ፦ የእኔንም ጻፉልኝ። ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሰነቲን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሜዳ ነው ብሎ የሚፈተለክ ሞልቷል። እኔ በ30 ነው የምነዳው። «ቶሎ በል» የሚለኝ ካለ በእግሩ ይምጣ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ለችግኝ ያዋጣውን ገንዘብ፣ መኪናውንና የአባላቱን ጉልበት በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ውሾች ክትባት ያውላል፤ ቀኑንና ቦታውን ፓርኩ ይወስናል። የአካባቢው ባለውሾች አስቀድመው ይመከሩበታል። አባላቱ ሰነቲ ላይ ከ30 በላይ አይነዱም፣ ፎቶ ለማንሳት ከመንገድ አይወጡም፣ የምግብ ትርፍራፊ አይጥሉም።» የዩኔስኮውን ነገርም መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ ተስማምቻለሁ። ባነሩስ?

የጎባው ልጅ፦ ጀርባው ነጭ አይደል ጋሼ? ገልብጠን እንጽፍበታለን።