እጅ ይውጣ ወይስ ካርድ ይጣል? የማኅበር ምርጫ ክርክር ከኮምቦልቻ

የፈትል ክፍሏ (ኮምቦልቻ)፦

ጀማዓ፣ እንዴት አደራችሁ። የከበደኝን ነገር ላንሳና የሚመስላችሁን ንገሩኝ።

በምሠራበት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫ ሊደርስ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን «መሪዎች በጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ይመረጣሉ» ይልና ያቆማል። ድምፁ እንዴት እንደሚሰጥ አይናገርም። ስለዚህ ሁልጊዜ እጅ እናወጣለን።

ያለፈው ምርጫ ካፍቴሪያ ውስጥ ነበር። ወንበር ስላልበቃ ግማሻችን ቆመናል። የክፍላችን ኃላፊ በሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። አንድም ቃል አልተናገረም። የመጀመሪያው ዕጩ ስም ሲጠራ ግን ቀና ብሎ በእኛ በኩል አየ። እጄን አወጣሁ። ከጎኔ ያለችው ጓደኛዬም አወጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ለሌላኛው ልንሰጥ ተማክረን ነበር። እጃችን ላይ እንዳለ ተያየን። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

እኔ የምለው፣ ደንቡ ይሻሻልና ምርጫው በምስጢር ካርድ ይሁን። ኮሚቴው «ጊዜ ይበላል፣ ወጪም አለው» ይላል። እናንተስ?

ጡረተኛው (ቃሉ)፦

ልጄ፣ የደረሰብሽ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ግን ካርድ አይመስለኝም።

በማኅበር ገንዘብ ያዥነት ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። እጁን አውጥቶ የመረጠኝን አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል። መዋጮው የት ገባ ብሎ ሲመጣ «እኔ ነኝ የመረጥኩህ» ይለኛል። መሸሻ የለኝም። በካርድ ከሆነ ማን ማንን እንደመረጠ ስለማይታወቅ ጠያቂና ተጠያቂ ይጠፋፋሉ።

ደግሞ ካርድን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት ሞክረነው ከተፈረመው ስም የበለጠ ካርድ ከሣጥኑ ወጣ። ማን እንደጨመረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ሰላምታ እንኳ ቀረ። እጅ ግን አይጨመርም።

በእኛ አገር አበጋር የተጣላ ሲያስታርቅ ሁሉም በአደባባይ ተቀምጦ ነው የሚናገረው። ሰው የሚያፍረው ሰው ፊት ነው።

የደሴ ልጅ (ሆጤ)፦

ጋሼ፣ አክብሬዎት ልናገር። አበጋር ፊት የሚናገር ሰው ነገ ከሥራ እባረራለሁ፣ ሽፍቴ ይቀየራል ብሎ አይፈራም። አበጋሩ ደሞዝ አይቆርጥበትም። እዚህ ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው የዓመት ፈቃድሽን የሚፈርመው ነው። አደባባይነቱ የሚጠቅመው የሚፈራ ሰው ከሌለ ነው።

ሕግ ተማሪ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦

ሕጉ ምን እንደሚል ላስቀምጥ፣ ክርክሩ መሬት እንዲይዝ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማኅበራት የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ደንቡ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ነገሮች ውስጥ ለመሪነት የሚያበቃው መስፈርት እንዲሁም የስብሰባና የምርጫ ሥነ ሥርዓት ይገኙበታል። በእጅ ወይም በካርድ ይሁን ብሎ ግን አያዝም። ለእናንተ ትቶታል።

ይህ ከሥራ ማቆም ጋር ሲነጻጸር ይገርማል። አድማ ለመምታት ሕጉ ራሱ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቢያንስ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። መሪ ለመምረጥ ግን ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ደንባችሁ ነው። ደንቡ ዝም ካለ፣ ዝም ያለበትን ቦታ የሚሞላው በዕለቱ መድረክ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የእህታችንን ነገር በተመለከተ አንቀጽ 14 ግልጽ ነው። አሠሪ በማኅበር ምርጫ ሠራተኛን ለዚህ ዕጩ ድምፅ ስጥ ወይም አትስጥ ብሎ ማስገደድ አይችልም። አንቀጽ 26 ደግሞ የማኅበር አባል መሆንም ሆነ የሠራተኞች ተወካይ ለመሆን መወዳደር ከሥራ ለመሰናበት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል።

የፈትል ክፍሏ፦

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እሱ አላስገደደኝም እኮ። ቀና ብሎ አየ፣ በቃ። ይህንን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ፊት ይዤ ብቀርብ ምን ብዬ ላስረዳ? በካርድ ቢሆን ኖሮ ማየቱ ምንም አይጎዳኝም ነበር።

ሕግ ተማሪ፦

ልክ ነሽ። ሕጉ የሚደርሰው ከተደረገ በኋላ ነው፣ ያውም ማስረጃ ሲኖር። ካርዱ አስቀድሞ ይከላከላል።

የኮሚቴ አባል፦

እኔ አሁን ባለው ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ አለሁ። ስማችንን አጥፍታችሁ እንዳትጨርሱን ብዬ ነው የጻፍኩት።

ካርድ የጠላ የለም። ጉባኤ ለማድረግ ድርጅቱን ለምነን የምናገኘው ሁለት ሰዓት ነው። በሁለት ሰዓት ሪፖርት ይቀርባል፣ የኦዲት ኮሚቴው ያነባል፣ ጥያቄ ይነሳል፣ ከዚያ ምርጫ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰልፎ ካርድ ሲጥል ይመሻል። ማንበብ የሚከብዳቸው እናቶችም አሉን። ለእነሱ ማን ይጽፍላቸዋል? የጻፈላቸው ሰው ምስጢራቸውን አወቀ ማለት ነው።

ሌሊት ሽፍት፦

እናንተ በእጅ ወይስ በካርድ ትላላችሁ። እኔ አራት ዓመት አባል ሆኜ በአንዱም አልመረጥኩም።

ሥራችን ሦስት ሽፍት ነው። አንዱ ከጠዋት 12 እስከ ቀኑ 8፣ አንዱ ከ8 እስከ ማታ 4፣ እኛ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። ጉባኤው ሁሌም ቀን 8 ሰዓት ነው የሚጠራው፣ የጠዋቶቹ ሲወጡ። የከሰዓቶቹ ማሽን ላይ ናቸው፤ ማሽን ደግሞ አይቆምም። እኛ ተኝተናል። አንድ ጊዜ እንቅልፌን ትቼ ከቤቴ መጣሁ። ዘበኛው «ሽፍትህ አይደለም» ብሎ ከበር መለሰኝ። ከውጭ ሆኜ ጭብጨባውን ሰማሁ።

ታዲያ የመረጠው ማነው? የጠዋት ሽፍት። የተመረጡትስ? ሁሉም የጠዋት ሽፍት። የሌሊት ትራንስፖርት ጥያቄ በኅብረት ስምምነቱ ድርድር ላይ ለምን እንደማይነሳ አሁን ገባችሁ?

እጅ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት ካልተሰበሰበ አይቆጠርም። ካርድ ግን ሦስቱንም ሽፍት ይጠብቃል። እኔ ካርድ የምለው ለዚህ ነው።

የፈትል ክፍሏ፦

ወላሂ ይህ አልታየኝም ነበር። እኔም የጠዋት ነኝ።

የኮሚቴ አባል፦

ይህኛው ጥፋት የእኛ ነው። አልከራከርም።

ጡረተኛው፦

የሌሊቱ ልጅ የተናገረው ልቤን ነካኝ። እኔም በጊዜዬ ጉባኤ ስጠራ ሌሊቶቹን አስታውሼ አላውቅም። ይቅር በሉኝ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እሱን ካልመለሳችሁልኝ አልለቅም። ሦስት ሽፍት ድምፅ ይስጥ ካላችሁ ሣጥኑ ሙሉ ቀን ሊቀመጥ ነው። የት ነው የሚያድረው? በጽሕፈት ቤቱ? የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ ሊቀመንበሩ እጅ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ተወዳዳሪ ነው። ያኔ የተረፈው ካርድ የገባው እኮ ሣጥኑ ብቻውን ባደረበት ሌሊት ነው።

የባቲ ልጅ (አሜሪካ)፦

ጋሼ፣ ለዚህ ጥያቄ የማውቀውን ልናገር። እዚህ በሆቴል ጽዳት ነው የምሠራው፣ የማኅበር አባል ነኝ። በአንድ ምርጫ ታዛቢም ሆኜ ቆሜያለሁ።

እዚህ የማኅበር ምርጫን የሚገዛ የፌዴራል ሕግ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ። ከ1957 ጀምሮ በሴኔቱ ውስጥ አንድ ኮሚቴ የማኅበራትን ብልሹነት ሲመረምር ቆይቶ ነው የመጣው። መሪዎች የአባላትን ገንዘብ ሲበሉ፣ ምርጫ ሲያጭበረብሩ ተገኝተው ነበር። ስለዚህ ጋሼ ያዩት ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም።

በሕጉ መሠረት የአካባቢ ማኅበር መሪዎቹን ቢያንስ በየ3 ዓመቱ በምስጢር ድምፅ ይመርጣል። አገር አቀፍ የሆነው ቢያንስ በየ5 ዓመቱ። የምርጫው ማስታወቂያ ለእያንዳንዱ አባል፣ በመጨረሻ በሚታወቀው የቤት አድራሻው፣ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ በፖስታ ይላካል። ዕጩው ድምፅ ሲሰጥም ሲቆጠርም ታዛቢ ማቆም ይችላል። የማኅበሩም የአሠሪውም ገንዘብ ለማንም ዕጩ ቅስቀሳ አይወጣም። ካርዶቹና ሌሎች የምርጫ ሰነዶች 1 ዓመት ይቀመጣሉ። አቤቱታ ያለው መጀመሪያ ማኅበሩ ውስጥ ያቀርባል፤ ካልተፈታለት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እነሱ ፍርድ ቤት አቅርበው ምርጫው እንዲደገም ሊያስደርጉ ይችላሉ።

እኔ የቆምኩት ሣጥኑ አጠገብ ነው። ባዶውን ገልብጠው አሳዩን፣ ከዚያ አሸጉት። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ሌላ ሰው ተክቼ ነው። ሣጥኑ ለአፍታም ብቻውን አልቆየም።

ሕግ ተማሪ፦

አሠራሩ መልካም ነው፣ ግን እንዳለ ገልብጠን መንግሥት ሕግ ያውጣልን ማለቱ ያሳስበኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኞች ደንባቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ፣ ተወካዮቻቸውንም በሙሉ ነጻነት እንዲመርጡ ይላል። ባለሥልጣን እጁን ይሰብስብ ይላል። ደንቡን ማጥበቅ ያለብን እኛው ነን።

የደሴ ልጅ፦

ይህንን ታሪካችንም ያሳየናል። በ1955 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ደርግ ዘጋውና በ1969 የራሱን የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋመ። ጋሼ፣ እርስዎ በዚያ ዘመን ሠርተዋል። ያኔ ሲመረጥ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው፦

ጥያቄህ ወዴት እንደሚወስደኝ ገብቶኛል። እውነቱን እነግርሃለሁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ። የዕጩዎቹ ስም በወረቀት ተጽፎ ይመጣል። ማን እንደጻፈው አይጠየቅም። ካድሬው ያነባል፣ «የሚደግፍ» ይላል፣ አዳራሹ ሙሉ እጅ ይሆናል። «የሚቃወም» ሲል ሁሉም እግሩን ያያል። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው ደክሞት እጁን ቶሎ ቢያወርድ ጎረቤቱ ክርኑን ይዞ መልሶ አነሳለት። ለክፋት አይደለም፣ አዝኖለት ነው።

ያንን ረስቼው አይደለም። በኋላ እኛ በነጻነት እጅ ስናወጣ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር። ልጄ በሩ ላይ ስለቆመው ሰው ስትነግረን ግን ያ ክርን ትዝ አለኝ።

የልብስ ስፌቷ (ኢንዱስትሪ ፓርክ)፦

እኛ ጋ ገና ማኅበር የለም፣ ለማቋቋም እየተነጋገርን ነው። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማቋቋም እንደሚችል አውቀናል። እናንተን እያነበብኩ ደንባችን ላይ ከአሁኑ ልጽፈው አሰብኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቆማውስ? በጉባኤ መሃል «ጠቁሙ» ሲባል የሚጮኸው ወንድ ነው፣ የሚጠቆመውም ወንድ። እዚህ የሚበዛው ሴት ነው። ጥቆማው ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ይሁን። የተጠቆመችውም ከቤቷ ተማክራ እሺ ወይም እምቢ ትበል።

የኮሚቴ አባል፦

ጥቆማውን እቀበላለሁ። ሣጥኑ ላይ ግን ጋሼ እንዳሉት ካልታሰበበት ፈቃደኛ አይደለሁም። የአገልግሎት ዘመን ገደብ የሚለውንም አታምጡ፣ ልምድ ያለው ተደራዳሪ በቀላሉ አይገኝም።

የፈትል ክፍሏ፦

የዘመን ገደቡን ዛሬ አላነሳም፣ እመለስበታለሁ። ለደንቡ የሚሆን ረቂቅ ጽፌያለሁ፣ እዩልኝ።

«ምርጫው በምስጢር ድምፅ ይሆናል። ካርዱ ላይ የዕጩው ስም፣ ፎቶና ምልክት ይኖራል። እያንዳንዱ ካርድ ከጀርባው የማኅበሩ ማኅተም ያርፍበታል፤ የታተመው ካርድ ብዛት በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። በሦስቱም ሽፍት መግቢያና መውጫ ላይ ድምፅ ይሰጣል። በአስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ ተወዳዳሪ አይገባም፤ ከየሽፍቱ አንድ ሰው ይኖርበታል። በድምፅ መስጫው ቦታ የሥራ ኃላፊ አይቆምም።»

ፎቶውና ምልክቱ ለእናቶቻችን ነው። ጣታቸውን ያሳርፋሉ፣ ጸሐፊ አያስፈልጋቸውም። ሣጥኑን ግን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጡረተኛው፦

እንዲህ ጻፊው። «ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል። አንዱ በኦዲት ኮሚቴው፣ አንዱ ዕጩዎቹ በጋራ በመረጡት ሰው እጅ ይሆናል። ሣጥኑ ከታሸገ ጀምሮ እስኪከፈት የዕጩዎች ታዛቢዎች እየተፈራረቁ አጠገቡ ይቀመጣሉ።»

አንድ የእኔ ደግሞ። መምረጡ በስውር ይሁን፣ እሺ ብያለሁ። ቆጠራው ግን በአደባባይ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ከፍ ብሎ ይታይ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራ፣ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከተፈረመው ስም አንድ ካርድ ከበለጠ ቆጠራው እዚያው ይቁም። እዚህ ላይ አልመለስም።

የኮሚቴ አባል፦

እንዲህ ከሆነ ለጉባኤው ረቂቁን እኔው አቀርበዋለሁ። ቆጠራው ስንት ሰዓት ይሁን?

ሌሊት ሽፍት፦

ንጋት 12 ሰዓት፣ በሩ አጠገብ ያለው ግቢ ላይ። ያኔ እኛ እየወጣን ነው፣ የጠዋቶቹ እየገቡ። የከሰዓቶቹ ከፈለጉ ከቤታቸው ይምጡ። ለዘበኛው ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።