የዘይት ቀለሙ በታችኛው ንብርብር ላይ አልዘረጋ ስላለኝ ምክር እጠይቃለሁ

የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ አስቀድሜ በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም ሠርቼ፣ በላዩ ላይ በተልባ ዘይት፣ በዳማር ሙጫና በተርፔንታይን የቀጠነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የዘይት ቀለም በየንብርብሩ እየደረብኩ እገኛለሁ። የመጀመሪያው ንብርብር እጅግ አምሮ ወጣ፤ ሁለተኛው ግን በሰም ላይ እንደፈሰሰ ውሃ እየተሰበሰበ አልዘረጋ አለ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በትነት ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በመሆኑ ታግሼ ብጠብቅም፣ ለውጥ አላየሁም። ላዩን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማሻሸት ይሻላል ወይስ ስስ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ መጥረግ? የኋለኛው ቀላል ቢመስልም፣ የዘይቱ መብዛት ሥዕሉን ውሎ አድሮ ወደ ቢጫነት እንዳይለውጠው እሰጋለሁ። የሙጫውን መጠን መቀነስ ችግሩን ይፈታው እንደሆነም፣ በዚህ ዘዴ የሠራችሁ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።