ፐርሲብ ባንዱንግ፦ የከተማ ክለብ በጀቱ ሲቆም በምን ይጸናል?

የአዘዞ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። ከልጅነቴ ጀምሮ ፋሲል ከነማን ስከታተል የኖርሁ የጎንደር ሰው ነኝ፤ አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሡበት ጊዜ ከፒያሳ እስከ አዘዞ የነበረው ደስታ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ይኸውም እትብቱ ከከተማ አስተዳደር በጀት ጋር የተያያዘ ክለብ፣ በጀቱ አንድ ቀን ቢቋረጥ ምን ይዞ ይቀጥላል የሚለው ነው። የሌሎች አገሮችን የከተማ ክለቦች ታሪክ ሳገላብጥ የኢንዶኔዥያው ፐርሲብ ባንዱንግ ቀልቤን ሳበው። ባንዱንግን ብዙዎቻችን የምናውቃት ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1955 በተሰበሰቡበት ጉባኤ ነው። ስለ ክለቡ ግን አንዱ ጋ በ1919፣ ሌላው ጋ በ1933 ተመሠረተ የሚል አነበብሁ። የትኛውን ልቀበል? የመንግሥት ገንዘብ ሲቀርበትስ በምን ጸና?

ጃንተከል

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሁለቱም ዓመታት መሠረት አላቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክለቡ ለረጅም ዘመን ልደቱን ያከብር የነበረው ማርች 14 ቀን 1933 ነው፤ በዚያ ቀን የባንዱንግ ሁለት የእግር ኳስ ማኅበራት ተዋሕደው ፐርሲብ የሚለውን ስም ያዙ። በቅርብ ዓመታት ግን በተደረገ የታሪክ ጥናት መነሻነት ክለቡ ልደቱን ወደ ጃንዋሪ 5 ቀን 1919 መልሶታል፤ ይህም በደች ቅኝ አገዛዝ ሥር «የባንዱንግ ተወላጆች የእግር ኳስ ማኅበር» የተቋቋመበት ቀን ነው። ይኸው ማኅበር ኤፕሪል 19 ቀን 1930 በዮግያካርታ ተሰብስበው የኢንዶኔዥያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከመሠረቱት ሰባት የከተማ ማኅበራት አንዱ ነበር።

በእኔ አስተያየት 1919ን መቀበል ተገቢ ቢሆንም፣ የክለቡን ማንነት ለመረዳት ግን 1933 ይበልጣል። ምክንያቱም ፐርሲብ የሚለው ስም «የባንዱንግ የኢንዶኔዥያ እግር ኳስ ኅብረት» ለሚለው አጭር መጠሪያ ነው። «ተወላጅ» የሚለው ቃል ገዢዎቹ ሕዝቡን የሚጠሩበት ነበር፤ «ኢንዶኔዥያ» ግን በዚያ ዓመት በካርታ ላይ የሌለች፣ ሕዝቡ ለራሱ የመረጣት አገር ስም ናት። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1938ቱ የዓለም ዋንጫ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ በሃንጋሪ 6 ለ 0 የተሸነፈው «የደች ምሥራቅ ሕንድ» ተብሎ እንደነበር ስናስታውስ፣ የባንዱንግ ሰዎች ቀድመው በማልያቸው የተሸከሙት ስም ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ይገባናል። በነገራችን ላይ፣ የእኛም «ከነማ» የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ስለሆነ፣ የሁለቱ ክለቦች ስም ሲተረጎም ማኅበርና ኅብረት ሆኖ መገናኘቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

የሜዳቸውንም ስም ልጨምር። «ጌሎራ ባንዱንግ ላውታን አፒ» ይባላል፤ «ላውታን አፒ» የእሳት ባሕር ማለት ነው። በማርች 1946 ነዋሪዎቹ ከተማዋ ለውጭ ጦር መጠቀሚያ እንዳትሆን ደቡባዊ ክፍሏን በገዛ እጃቸው አቃጥለው ወጥተዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ የተቃጠለችውን ጎንደርን ከአያቶቹ ትረካ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ስም ስታዲየም ላይ ተጽፎ ሲያየው ልቡን ሳይነካው አያልፍም።

ቀሃ ማዶ

ስለ ገንዘቡ የማውቀውን ላስረዳ። ፐርሲብ በመሠረቱ የከተማዋ ትንንሽ ክለቦች ኅብረት ነበር፤ እርስ በርሳቸው እየተወዳደሩ ምርጦቻቸውን ለከተማው ቡድን ያዋጡ ነበር፤ ወጪው ደግሞ በአመዛኙ በከተማው በጀት ይሸፈን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣው ደንብ የአካባቢ መንግሥታት በጀት ለፕሮፌሽናል ክለቦች እንዳይውል ሲያግድና በ2008 የተጀመረው አዲሱ ሊግ ክለቦቹ በኩባንያነት እንዲቋቋሙ ሲጠይቅ፣ እንደ ፐርሲብ ያሉት የከተማ ክለቦች ሁሉ ተናወጡ። ፐርሲብ በ2009 ኩባንያ ሆኖ ባለሀብቶችን አስገባ፤ በስፖንሰር፣ በትኬትና በማልያ ሽያጭም መተዳደር ጀመረ። በ2014 ከ19 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023/24 እና በ2024/25 ደግሞ በክሮኤሺያዊው አሠልጣኝ በቦያን ሆዳክ መሪነት ተከታታይ ዋንጫ ወሰደ።

ነገር ግን ባለሀብት ባዶ ስም አይገዛም። በ1985 ፐርሲብና ሜዳን የተባለችው ከተማ ክለብ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤስ. በጃካርታው ሰናያን ስታዲየም ባደረጉት የፍጻሜ ጨዋታ 150,000 ያህል ተመልካች እንደገባ ይነገራል፤ ፐርሲብ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ፣ ሕዝቡ ግን አልተለየውም። በ1995 የከተማ ማኅበራቱና የሌሎቹ ክለቦች ሊጎች በተዋሐዱበት የመጀመሪያ ውድድር፣ ሌሎች ክለቦች የውጭ ተጫዋቾችን ሲያስመጡ፣ ፐርሲብ በአገር ልጆች ብቻ አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ኩባንያው የተመሠረተው በዚህ ሀብት ላይ ነው።

የአዘዞ ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደጋፊዎቹ «ቦቦቶህ» እንደሚባሉ አይቻለሁ፤ ቃሉ ምን ማለት ነው?

የማራኪ ነዋሪ

ቦቦቶህ የባንዱንግ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት የሱንዳዎች ቋንቋ ቃል ነው፤ ለሚፋለም ሰው ከጎኑ ቆሞ ወኔ የሚሰጥ ማለት ነው። እኛ ጎንደሬዎች ሽለላና ፉከራን ስለምናውቅ ቃሉ አይከብደንም። የባንዱንግ ሰው በአገሩ ዋና ከተማ ፊት ሱንዳነቱን የሚያሳየው በዚህ ክለብ ነው፤ ቅጽል ስሙም «ማውንግ ባንዱንግ»፣ የባንዱንግ ነብር ነው።

ሆኖም ስለ ፍቅሩ ብቻ ተናግሬ ብተው እውነቱን አጎድላለሁ። ከፐርሲጃ ጃካርታ ጋር ያለው ፉክክር የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የፐርሲጃ ደጋፊ በባንዱንግ ስታዲየም ቅጥር ግቢ ተደብድቦ ሲሞት ሊጉ ለጊዜው እንዲቋረጥ ተደርጓል። በኦክቶበር 2022 ደግሞ በማላንግ ከተማ በሌሎች ሁለት ክለቦች ጨዋታ ማብቂያ ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ከተኮሰ በኋላ 135 ሰዎች አልቀዋል። ስለዚህ ጠያቂያችን ከፐርሲብ የገንዘቡን አሠራር ለፋሲል ደጋፊዎች ሲያስተዋውቁ፣ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ በሰላም ገብቶ በሰላም የሚወጣበትን ሥርዓት አብረው እንዲያነሡ እጠይቃለሁ፤ ፋሲለደስ ስታዲየም ልጆቻችንን ይዘን የምንገባበት ሜዳ ነውና።